አረንጓዴዋ ለምን ታንጠባጥባለች

ማርች 13፣ እሑድ

አረንጓዴዋን ዛሬ ከክረምት እንቅልፏ ቀሰቀስኳት። ሙሪየል በየጥቅምቱ አይጥ እንዳይገባባት ብላ የምትወትፋቸውን ሁለት ጨርቆች፣ አንዱን ከማርሚታው ጫፍ፣ ሌላውን ከሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ፣ በቀይ ጭራቸው ይዤ ሳብኳቸው። እንደ ወትሮው ከጋራዡ በር ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀልኳቸው። ጭራው የባለቤቴ ፈጠራ ነው። አንድ ዓመት ጨርቁን ረስተን ሞተር አስነስተን ጉድ ሆነን ነበር። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ውታፍ ላይ ረዘም ያለ ቀይ የሱፍ ክር ታስርና ወደ ውጭ ታንጠለጥለዋለች። «አሁን ዓይንህ እያየ አትረሳውም» ትላለች።

በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች። ድምፅዋን ስሰማ ልቤ ሞቅ አለ። ሙሪየል የወጥ ቤቱን መስኮት ከፍታ «ጣውንቴ ነቃች?» አለችኝ። በተጋባንበት ዓመት ነው የገዛኋት፤ ስሙም የወጣላት ያኔ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያ አልባ፣ ከሽማግሌ ጉልበት ዝቅ የምትል መኪና ናት።

የአሮጌ መኪኖች ክበባችን ጉዞ የሜይ የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ዘንድሮ በበርዌይ ሽቅብ። የልጅ ልጄ ኢሞጅን አጠገቤ ትቀመጣለች። በገና ማዕድ ላይ ሁሉም ባለበት ቃል ገብቼላታለሁ። የበርዌይ መንገድ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው፤ አጥር የለውም። ዕድሜውን ሙሉ በሽሩስበሪና በሉድሎ መካከል አውቶቡስ ለነዳ ሰው ይኼ ምኑም አይደለም።

ሙሪየል ግን ከጃንዋሪው ነገር ወዲህ እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ትጠብቀኛለች። ራሴን የሳትኩት አንዴ ነው፤ ያውም ቁርስ ሳልበላ ውዬ። ዶክተሩም ያለው «ከተደገመ ይንገሩኝ፤ ያኔ መኪና መንዳት ያቆማሉ» ነው። አልተደገመም።

ማርች 19፣ ቅዳሜ

ከሙሪየል ጋር እስከ ክሬቨን አርምስ ከተማ ደርሰን ተመለስን። አረንጓዴዋ አላሳፈረችኝም።

ስንመለስ ማርሽብሩክ ጋ ካለው ኩርባ ላይ ቢጫ ጃኬት የለበሰች ልጅ በብስክሌት ትሄድ ነበር። ሙሪየል ጮኸች፤ መሪውንም ቀማችኝ። አይቻታለሁ እኮ! ፍሬን ልይዝ ስል ነው የጮኸችው። ልጅቷ ሳሩ ላይ ወደቀች፤ ምንም አልሆነችም። ወርጄ ብስክሌቷን አነሳሁላት። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» አለችኝ።

ሙሪየል ቤት እንደደረስን ወጥ ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት፣ አልነካችውም።

«ላየኔል፣ አላየሃትም።»

«አይቻታለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ስምህን ጠራሁህ። ዓይንህ ክፍት ነው፤ አንተ ግን የለህም።»

አይቻታለሁ አልኩ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ሚስቱ እንኳ አታምነውም።

ማርች 23፣ ረቡዕ

ጋራዡ ወለል ላይ ዘይት። ድሮም ጠብ ጠብ ማለት አይቀርባትም፤ ይኼ ግን ሳህን ያህላል።

ለዴንዚል ደወልኩ። ዴንዚል የክበባችን ሊቀ መንበርና ከመንገዱ ማዶ ያለ ጎረቤቴ ነው። ገና «ታንጠባጥባለች» ከማለቴ ሳቀብኝ። «እስካንጠባጠበች ድረስ ምን ችግር አለ? ካቆመች ነው የሚያስፈራው፤ ዘይቷ አልቋል ማለት ነው!» ይህን ቀልድ መጠጥ ቤት በተገናኘን ቁጥር አንዳችን እንለዋለን፤ ሁላችንም እንስቃለን።

የላይኛው ክዳን ጋስኬት፣ ዘይቱን የሚያግደው ማሸጊያ፣ ይመስለኛል። ቡሽ ነው፤ ቡሽ ይደርቃል።

ማርች 27፣ እሑድ

ጋስኬት ቀየርኩ። ደረቅ። ጨርሻለሁ!

ማርች 28፣ ሰኞ

አልጨረስኩም። ከላይ ብዘጋው ከጎን ወጣ። ካርቶን አነጠፍኩላት።

ማርች 31፣ ሐሙስ

ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጥቤ አደረቅሁት። ከዚያ የሙሪየልን የላቬንደር ፓውደር ነሰነስኩበት። ዘይት ፓውደር ላይ ሲሄድ መንገዱን ያሳያል፤ ከየት እንደተነሳ አይደብቅም። የድሮ ዘዴ ነው። ከጎን ካሉት ክዳኖችም፣ ከፊት ካለውም፣ ከታች ካለው የዘይት ገንዳ፣ ከኮፓውም ይወጣል። በአንድ ጊዜ ከሁሉም ቦታ! ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳውቃት እንዲህ ሆና አታውቅም።

«ጣውንቴ ፓውደሬንም ወረሰችኝ?» አለች ሙሪየል። ቀልዱ የእሷ ነው፤ ሳቁ ግን አልነበረበትም።

ከስር ገብቼ እንደ ድሮው ባትሪ እንድታበራልኝ ጠየቅኳት። «የእጄን አንጓ ያመኛል፤ ዴንዚልን ጥራው» አለች። ከተጋባን ጀምሮ ባትሪ የምትይዝልኝ እሷ ናት። እጄ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች፤ የትኛው ቡሎን ምን እንደሚይዝ ከእኔ እኩል ትናገራለች። አንድም ቀን እምቢ ብላኝ አታውቅም። አንጓዋን ሐኪም እንዲያየው ብላት ትታ ሄደች።

ኤፕሪል 3፣ ፋሲካ

ልጃችን ሮዛሊንድ ኢሞጅንን ይዛ መጣች። በግ ከነናዕናዕ ስጎው። ኢሞጅን አረንጓዴዋ ውስጥ ገብታ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ «ወደ ግራ፣ አያቴ! ወደ ቀኝ!» ስትል ዋለች። መኪናዋ ከጋራዥ አልወጣችም። ለጉዞው የሚሆን ባርኔጣ ገዝታለች፤ አገጯ ስር የሚታሰር፣ ንፋስ እንዳይወስደው።

ሰሃን ልመልስ ስሄድ ወጥ ቤት ሲያወሩ ሰማኋቸው። ሮዛሊንድ «እማዬ፣ እስከ መቼ ነው ታዲያ?» ትላለች። ሙሪየል ደግሞ «እስካንጠባጠበች ድረስ ችግር የለም» ትላታለች።

ደስ አለኝ። የክበቡን ቀልድ እሷም ለመደችው ማለት ነው። ስገባ ሮዛሊንድ ስለ በጉ ስጎ ማውራት ጀመረች።

ኤፕሪል 10፣ እሑድ

እንቁላል ጥጄ ነበር። ድስቱ ነደደ። ሙሪየል ስትገባ ቧንቧውን ከፍቼ ቆሜያለሁ አሉ፤ «አሉ» ያልኩት እሷ ስላለች ነው። ስለ ፊተኛው ክዳን እያሰብኩ ነበር። ሰው ሲያስብ ድስት አይረሳም እንዴ?

«ዶክተሩ ጋ እንሂድ፣ የኔ ጌታ» አለችኝ።

«ከጉዞው በኋላ።»

የሌላዋ፣ የትንሿ የቤት መኪናችን ቁልፍ ሰሞኑን ከሙሪየል ቦርሳ አይወጣም። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የምትነዳው እሷ ናት። መንዳት ጥሞኛል ትላለች። እሺ ይጣማት። የአረንጓዴዋ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።

ኤፕሪል 17፣ እሑድ

ዴንዚል መጣ። ማርሹን አወረድን፣ ፍሪሲዮኑን ፈታን፣ የኋላውን የዘይት መያዣ ጎማ ቀየርን። ጀርባዬ አልቋል። ዴንዚል ባትሪ አያያዝ አያውቅም፤ እኔን ዓይን ዓይኔን ነው የሚያበራው።

«ስማ ላየኔል፣ ይኼ የጋስኬት ነገር አይደለም። ውስጡ ግፊት አለ። አንዱን ስትዘጋው በሌላው ይገፋል። መተንፈሻው ተደፍኖ ይሆን?»

«በገዛ እጄ ነው ጨርቁን ያወጣሁት። ያው!» ብዬ ሚስማሩን አሳየሁት። ሁለቱም ቀይ ጭራዎች ተንጠልጥለዋል።

«እንግዲያው የፒስተኖቹ ቀለበት አልቋል። አርጅታለች ወንድሜ። እኛስ መቼ ቀረን?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀለበት ካለቀ ሞተሩ መፈታት አለበት፤ ለጉዞው አትደርስም። ሙሪየል ሻይ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ ሚስማሩ ላይ ነበር።

ኤፕሪል 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ አጭር ነው።

ገጣጥሜያት መንደሩን ላዞራት ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሽታ መጣ፣ ጭስ ተከተለ። ዘይቱ የጋለው ማርሚታ ላይ ሲወርድ ተያይዟል። ኮፈኑን ከፍቼ በለበስኩት ኮት አፈንኩት። ጠፋ። የእኔ ቅንድብ ትንሽ ተለበለበ እንጂ ሌላ ጉዳት የለም።

ዴንዚል ገመድ አስሮ ጎትቶ አመጣኝ። ሙሪየል በሩ ላይ ስታየን ፊቷ አመድ መሰለ። ኮቴን ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ የተቃጠለውን ቦታ በጣቷ ነካች። «ምን አደረግኩ! ምን አደረግኩ!» አለች።

እሷ ምን አደረገች? የነዳሁት እኔ።

ሜይ 2፣ ሰኞ

ጋራዡ በር አጠገብ አዲስ የእሳት ማጥፊያ ቆሟል። ሙሪየል ናት የገዛችው። «ሽጣት» አለችኝ። ከተጋባን ብላኝ የማታውቀው ቃል ነው። ልጅ ሽጥ ያለችኝ ያህል ከፋኝ። «ቢያንስ ሞተሩን አታስነሳ፤ እለምንሃለሁ፤ አንገትህ ላይ ያለውን ቁልፍ ስጠኝ» አለች።

«ኢሞጅንን ምን ልበላት?»

ወደ ጓሮ ወጥታ የደረቀውን ልብስ እንደገና ስታሰጣ በመስኮት አየኋት።

ሜይ 14፣ ቅዳሜ

ይኼን ለማንም አልናገርም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ጋራዥ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ የክሪኬት ጨዋታ እየሰማሁ የኮፓውን ቡሎን አጠብቅ ነበር። ተጫዋቹ ኳሱን ሊወረውር ሲሮጥ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁት አንዲት ሴት ስለ ጽጌረዳ ተባይ ስታወራ ነው። ክሪኬቱ የለም፣ ፀሐይዋም ከመስኮቱ ሄዳለች። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። መፍቻው ከእጄ ርቆ ወድቋል። አፌ ጨው ጨው ይላል፤ ምላሴን ነክሼዋለሁ።

ከወደቅኩበት ሆኜ ያየሁት የአረንጓዴዋን ሆድ ነው። አንድ ጠብታ ከኮፓው ጥግ ተንጠልጥላ ቀስ እያለች ትወፍራለች። እስክትወድቅ ጠበቅኳት። ፈራሁ። እናቴ የሞተች ጊዜም እንዲህ አልፈራሁም።

ድካም ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ በጀርባዬ ተኝቼ ማን አይደክመውም? ጭሱም አለ፣ ነጭ ጋዙም አለ።

ራት ላይ ሙሪየል አፌን አየች። የጠበሰችውን ሥጋ ወደ ጎን አድርጋ ሾርባ ሠራችልኝ፤ አቀዝቅዛ ሰጠችኝ። እጄ ላይ እጇን አሳርፋ «ላየኔል» አለች፤ እኔም ቀድሜ «ከጉዞው በኋላ» አልኳት።

ሜይ 18፣ ረቡዕ

ኢሞጅን ደወለች። ካርታውን በቃሏ ይዛዋለች። «አያቴ፣ ገደሉ በየት በኩል ነው? በእኔ በኩል ነው በአንተ?»

ስንወጣ በአንቺ በኩል ነው አልኳት። እልል አለች።

ሜይ 21፣ ቅዳሜ

ዴንዚል የሞተር ግፊት መለኪያ ተውሶ መጣ። ሁሉንም ፒስተኖች ለካናቸው። ቀለበቶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ያላረጁ። ዴንዚል ራሱን እያከከ «እንግዲህ እኔ አላውቅም፤ ቄስ ጥራላት» ብሎ ለምሳ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቀለበቱ ደህና ከሆነ ግፊቱ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። መውጫው ደግሞ አንድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያላየሁት አስቀድሜ አይቼዋለሁ ብዬ ነው። ሚስማሩን አየሁ፤ ሁለቱ ቀይ ጭራዎች እዚያው ናቸው። ቢሆንም መተንፈሻውን ቱቦ ፈታሁት፤ ሽቦ አጠፍኩና አስገባሁ። የሆነ ለስላሳ ነገር ያዘው።

እየሳብኩ አወጣሁት። በዘይት የጠቆረ ጨርቅ ነው፤ ጠበቅ ተደርጎ ተጠቅልሎ፣ ከውጭ እንዳይታይ ጠልቆ የተወተፈ። ጭራ የለውም። ዘረጋሁት። ጫፉ ላይ ዘይት ያልነካው ትንሽ ቦታ አለ፤ የወፍ ክንፍ ተስሎበታል። ኢሞጅን አምና ከባሕር ዳርቻ ያመጣችልን የሰሃን ማድረቂያ ነው።

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ጨርቁን ይዤ ወጥ ቤት ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ልወረውረው ነበር። ጀርባዬ! ቅንድቤ! ብቃጠልስ ኖሮ? የሞተሩን ነገር ያስተማርኳት እኔ፣ ባትሪ እየያዘች ያየችው ከእኔ፤ መልሳ ልትመታኝ?

በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ሙሪየል ሬዲዮ ሳትከፍት ድንች ትልጥ ነበር። ድሮ ሬዲዮ ሳትከፍት ድንች አትልጥም። ጆሮዋን ወደ ጋራዡ አድርጋለች። ስወድቅ ልትሰማኝ ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታዳምጠኝ?

ተመልሼ አረንጓዴዋ ውስጥ ተቀመጥኩ። ኢሞጅን የምትቀመጥበትን ወንበር አየሁት።

ልጅቷን አላየኋትም። ቢጫውን ጃኬት ያየሁት ሙሪየል መሪውን ከቀማችኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መንገድም፣ ኩርባም፣ ልጅም አልነበረም። ምንም አልነበረም።

ሚስቴ ለምናኝ አልሰማኋትም። ቁልፍ ጠይቃ አልሰጠኋትም። ዶክተሩ ጋ ደውላ ልታሳጣኝ ትችል ነበር፤ አልደወለችም። ክበቡ ፊት፣ ዴንዚል ፊት «አትንዳ» ልትለኝ ትችል ነበር፤ አላለችም። ሰው የማያፍርበትን ምክንያት ነው የሰጠችኝ። የክበቡ መኪናዎች ሁሉም ያንጠባጥባሉ፤ በዚህ ማንም አይስቅብኝም።

ከሚስማሩ አንዱን ውታፍ አወረድኩና ቀዩን ክር ፈታሁ። የወፏ ጨርቅ ላይ አሰርኩት፤ እንደ እሷ አስተሳሰር፣ ሁለት ቋጠሮ። ጨርቁን መልሼ መተንፈሻው ውስጥ ወተፍኩት፤ ጭራውን ወደ ውጭ አንጠለጠልኩት። ኮፈኑን ክፍት ትቼ ለምሳ ገባሁ።

«ምን አገኘህ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከድንቹ ሳትነቅል።

«ምንም። ታንጠባጥባለች።»

ሜይ 23፣ ሰኞ

ሰኞ የልብስ ቀን ነው። የልብስ ማጠቢያው ያለው ጋራዡ ውስጥ ነው። ሙሪየል አንሶላውን ታቅፋ ገባች። እኔ ወጥ ቤት ጋዜጣ ዘርግቼ፣ አንድ መስመር ሳላነብ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ይነሳል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። አልተነሳም።

ስትመለስ አንሶላው አሁንም እቅፏ ውስጥ ነው። አፍንጫዋ ቀልቷል። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ያ እሳት...» አለች። «ያን ቀን ጨርቁን ላወጣው ሄጄ ነበር። ሁለቴ ሄጄ ነበር። ከዚያ የልጅቷ ብስክሌት ትዝ አለኝ።»

«አላየኋትም፣ ሙሪየል።»

ከማርች ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ ያን ጊዜ ለቀቀችው። አንሶላው ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

«ዶክተሩ ጋ ልደውል?»

«ደውይ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ።» ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አላነሳችውም።

«ኢሞጅንስ?»

«ከዴንዚል ጋር ትውጣ። ካርታውን ይዛ እሱን ታዘው። በገደሉ በኩል ስለሆነች አትቀየምም።»

ሳቀች፤ እያለቀሰች። ከዚያ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እጄን ያዘችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ ድረስ ጥብቅ አድርጋ። ያመኛል ያለችው የእጇ አንጓ ምንም አልነበረውም።